ጠግቦ እየበሉ ክብደት መቀነስ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

መልሶቹ የተጻፉት በየቀኑ እንጀራና ወጥ ለሚበላ፣ ረሃብ ሳይፈጀው ክብደቱን መቀነስ ለሚፈልግ ሰው ነው።

ካሎሪ ምንድን ነው?

ካሎሪ ምግብ ለሰውነት የሚሰጠው ጉልበት የሚሰፈርበት መለኪያ ነው። በታሸጉ ምግቦች ላይ «ኪሎ ካሎሪ» ተብሎ የሚጻፈውን በተለምዶ ካሎሪ እንለዋለን፤ እዚህም የምንጠቀመው በዚሁ ትርጉም ነው። አንድ ግራም ፕሮቲን 4፣ አንድ ግራም ስኳር ወይም ስታርች 4፣ አንድ ግራም አልኮል 7፣ አንድ ግራም ቅባት 9 ካሎሪ ይሰጣል። ውኃ ምንም ካሎሪ የለውም፤ ይህን ልብ ይበሉ፣ የሚቀጥሉት መልሶች ብዙዎቹ እዚህ ላይ የቆሙ ናቸው።

ሰውነት ከሚያወጣው በላይ ሲገባለት ትርፉን በስብ መልክ ያስቀምጣል፤ ከሚያወጣው በታች ሲገባለት ደግሞ ካስቀመጠው እያነሣ ይጠቀማል። ማንኛውም የክብደት መቀነሻ ዘዴ፣ በምንም ስም ይጠራ፣ ስብ የሚያስቀንሰው በዚሁ መንገድ ነው።

ካሎሪው ትንሽ የሆነ ምግብ እንዴት ሊያጠግብ ይችላል?

ሆድ ካሎሪ አይቆጥርም። ጨጓራ ሲሞላ ግድግዳው ይለጠጣል፤ መለጠጡን ነርቮች ለአንጎል ያደርሳሉ፤ የጥጋብ ስሜት ከሚመጣባቸው መንገዶች አንዱ ይህ ነው። ስለዚህ የምግቡ ብዛትና ክብደት ትልቅ ድርሻ አለው። በአሜሪካ የፔንሲልቬንያ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዋ ባርባራ ሮልስ ለብዙ ዓመታት ባካሄዷቸው ጥናቶች፣ ውኃና አትክልት የበዛበት ምግብ የቀረበላቸው ሰዎች ሳይራቡ ያነሰ ካሎሪ እንደሚወስዱ አሳይተዋል።

ለእኛ ግን ከሁሉ የቀረበው ማሳያ ቆሎና ንፍሮ ነው። ከአንድ ጆንያ ሽምብራ ይዘገንና ግማሹ ይቆላል፣ ግማሹ ይቀቀላል። ደረቅ ሽምብራ በ100 ግራም ወደ 370 ካሎሪ ገደማ አለው። የተቀቀለው ውኃ ጠጥቶ ስለሚያብጥ በ100 ግራም ወደ 160 ይወርዳል። ቆሎው ሦስት እፍኝ ተበልቶም እጅ ወደ ሳህኑ ይመለሳል፤ ንፍሮው በሁለተኛው እፍኝ ሆድ ይይዛል። እህሉ አንድ ነው፤ ልዩነቱን ያመጣው ውኃው ነው።

እንጀራ ማቆም አለብኝ?

የለብዎትም። የጤፍ ዱቄት በ100 ግራም ወደ 360 ካሎሪ ገደማ አለው፤ እንጀራ ግን ከግማሽ በላዩ ውኃ ስለሆነ ካሎሪው ከዚያ በእጅጉ ያነሰ ነው። ነጭ ዳቦ በ100 ግራም ወደ 265 ካሎሪ ይደርሳል። ስለዚህ ክብደት ለመቀነስ ብሎ እንጀራን በዳቦ የተካ ሰው በክብደት ሲመዘን ወደሚበልጠው ሄዷል ማለት ነው። ጤፍ ፍሬው እጅግ ትንሽ ስለሆነ ከነቅርፊቱ ይፈጫል፤ በዚህም አሰሩ፣ ማለትም ፋይበሩ፣ ከዱቄቱ አይለይም።

መስተካከል ያለበት የእንጀራው ብዛትና የተነከረበት ነገር ነው። ወጡ የፈሰሰበት፣ ከሥር ዘይቱን የጠጣው እንጀራ ሁላችንም የምንወደው ክፍል ነው፤ ከገበታው ላይ ካሎሪ እጅግ የተከማቸበትም እሱ ነው። ወጡን እንጀራው ላይ ከማፍሰስ በጎድጓዳ ሳህን አቅርቦ እያጠቀሱ መብላት ብዙ ያግዛል። ሁለት እንጀራ የሚበሉ ከሆነ አንዱን ግማሽ ትተው በቦታው ሙሉ ሳህን ጎመን ወይም ጥቅል ጎመን ያድርጉ። የገበታው መጠን አይቀንስም፤ ዓይንም ሆድም የሚያጡት ነገር የለም።

ዘይት ስቀንስ ወጡ ጣዕም አያጣም?

አንድ ቀን ለአራት ሰው ሽሮ ልሠራ ስል፣ እንደ ልማዴ ከጠርሙሱ በቀጥታ ከማፍሰስ ይልቅ የማፈሰውን ያህል ዘይት መጀመሪያ ብርጭቆ ውስጥ ቀዳሁና በሾርባ ማንኪያ ሰፈርኩት። ሰባት ማንኪያ ሆነ። አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት ወደ 120 ካሎሪ አለው፤ ሰባቱ 840 ነው፤ ለአራት ሲካፈል ለእያንዳንዱ 210 ይደርሰዋል። ሽሮው ገና ድስት ውስጥ አልገባም፤ እንጀራውም ገና ከመሶቡ አልወጣም። ከዚያን ቀን ጀምሮ በቤቴ የዘይት ጠርሙስና የሾርባ ማንኪያ ተለያይተው አያውቁም።

ጣዕሙን የሚያድነው ዘዴ ከእናቶቻችን የተማርነው ነው። ለዶሮ ወጥ ሽንኩርቱ ደቅቆ ተከትፎ ያለ ዘይት በደረቁ ድስት፣ በለስላሳ እሳት የሚቁላላው በከንቱ አይደለም፤ ሽንኩርት በራሱ ውኃ በስሎ ይጣፍጣል። ለሽሮና ለምስርም እንዲሁ ያድርጉ። ሊይዝ ሲል ጥቂት ውኃ ጠብ እያደረጉ ያማስሉት። ሽንኩርቱ ወርቃማ ሲሆን ሁለት ማንኪያ ዘይት፣ ቀጥሎ በርበሬ ይግባ። ዘይቱን ጨርሶ ማስቀረት አልመክርም፤ የበርበሬ ቀለምና መዓዛ በጥቂት ቅባት ነው የሚወጣው። ከዚያ በኋላ ቁሌቱ ውኃ በማንኪያ እየተጨመረበት ይብሰል። ነጭ ሽንኩርት፣ ዝንጅብልና መጨረሻ ላይ የሚነሰነስ መከለሻ የሚጨምሩት ካሎሪ ከቁጥር የሚገባ አይደለም። በሰባት ማንኪያ ፈንታ ሁለት ሲገባ ከድስቱ 600 ካሎሪ ይወጣል፤ ለአንድ ሰው 150 ማለት ነው፣ በአንድ ምግብ ብቻ።

የዘይቱ ዓይነት በዚህ ስሌት ለውጥ አያመጣም። የሱፍም ሆነ የወይራ ዘይት፣ ንጥር ቅቤም ቢሆን፣ በማንኪያ ሲሰፈር ካሎሪው ተቀራራቢ ነው።

እንደ ልቤ ብበላቸው የማይጎዱኝ ምግቦች የትኞቹ ናቸው?

አትክልት። ሳይጠበስ፣ በ100 ግራም ሲታሰብ ዝኩኒና ቲማቲም ወደ 18፣ ጥቅል ጎመን 25፣ ዱባ 26፣ ፎሶሊያ 31፣ ካሮት 41፣ ቀይ ሥር 43 ካሎሪ ገደማ አላቸው። ጎመንና ቆስጣም እዚሁ ጎራ ውስጥ ናቸው። ቁጥሩን በሌላ መልክ ልበለው፦ አንድ ሙሉ ኪሎ ጥቅል ጎመን ወደ 250 ካሎሪ አለው፤ ይህ ከሁለት ማንኪያ ዘይት ጋር እኩል ነው። አንድ ኪሎ ጥቅል ጎመን በአንድ ተቀምጦ የሚጨርስ ሰው አላየሁም። የዓለም ጤና ድርጅት ለአንድ ሰው በቀን ቢያንስ 400 ግራም አትክልትና ፍራፍሬ ይመክራል፤ ድንችንና መሰል ሥራሥሮችን በዚህ ውስጥ አይቆጥርም።

ከፍራፍሬ ሐብሐብ፣ ፓፓያና ብርቱካን ቀለል ያሉ ናቸው። ከእነዚህ ቀጥሎ በመጠን የሚበሉ ግን በደንብ የሚያጠግቡ አሉ፦ የተቀቀለ ምስር፣ ንፍሮ፣ የተቀቀለ እንቁላል፣ አሳ፣ ጮማው የወጣለት ቀይ ሥጋ። አይብን ብዙ ሰው ከቅቤ ጋር ስለሚበላው ከከባድ ምግብ ይቆጥረዋል። አይብ የሚወጣው ግን ቅቤው ተንጦ ከተነሣለት አሬራ ነው፤ ስለዚህ ቅባቱ ጥቂት፣ ፕሮቲኑ ብዙ ነው።

ድንች ያወፍራል የሚባለው እውነት ነው?

የተቀቀለ ድንች አያወፍርም፤ እንዲያውም አጥጋቢ ከሆኑት ምግቦች ሁሉ ፊት የሚሰለፍ ነው። በ1995 ዓ.ም. እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር፣ በአውስትራሊያ የሲድኒ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዋ ሱዛና ሆልትና ባልደረቦቿ 38 ምግቦችን በእኩል ካሎሪ፣ 240 ካሎሪ በሚሆን ድርሻ፣ ለሰዎች እየሰጡ የትኛው ይበልጥ እንደሚያጠግብ አወዳድረው ነበር። ነጭ ዳቦ 100 ነጥብ ተሰጥቶት መነሻ ሆነ። የተቀቀለ ድንች 323 አግኝቶ ከሁሉም በለጠ፤ ቅቤ የበዛበት ክሯሳን 47 ይዞ መጨረሻ ሆነ።

ድንችን ያሳማው ዘይቱ ነው። በ100 ግራም 87 ካሎሪ ገደማ ያለው ድንች በዘይት ሲጠበስ ውኃው ይወጣና ቅባት ይተካበታል፤ ያኔ ካሎሪው በሦስት እጥፍና ከዚያም በላይ ያድጋል። ቀቅለው በቃሪያ፣ በቲማቲምና በሎሚ ቢበሉት ሌላ ምግብ ነው።

ጭማቂ፣ ሻይና ለስላሳ መጠጥስ?

ክብደት የመቀነስ ጥረት ብዙ ጊዜ የሚፈርሰው በመጠጥ በኩል ነው፤ ፈሳሽ ካሎሪ ይዞ ይገባል፣ የሚያጠግበው ግን ጥቂት ነው። ሦስት የሻይ ማንኪያ ስኳር የገባበት አንድ ብርጭቆ ሻይ ወደ 50 ካሎሪ አለው፤ በቀን አራቴ የሚጠጣ ሰው ሳያስበው 200 ይጠጋል። አንድ 300 ሚሊ ሊትር ለስላሳ ወደ 130፣ አንድ ጠርሙስ ቢራ ወደ 140 ካሎሪ ነው።

አንድ ብርጭቆ የብርቱካን ጭማቂ ለመሙላት ሦስት ወይም አራት ብርቱካን ይጨመቃል፤ አንድ ብርቱካን ልጦ የበላ ሰው ግን ሦስተኛውን ላይጀምር ይችላል። ስፕሪስ ደግሞ አቮካዶ፣ ማንጎና ስኳር አንድ ላይ የገቡበት በመሆኑ ከምግብ እንጂ ከመጠጥ አይቆጠርም፤ ከምሳ በኋላ ሲጠጡት ሁለተኛ ምሳ እንደበሉ ይቁጠሩት። ስኳር የሌለው ቡና፣ ስኳር የሌለው ሻይ፣ ውኃና አምቦ ውኃ ምንም አያሳስቡ።

በጾም ከሥጋና ከቅቤ ርቄ ለምን እወፍራለሁ?

ይህ ጥያቄ በተለይ በ55ቱ የዐቢይ ጾም ቀናት ይበዛል፤ የሚያነሡትም በእውነት ግራ ገብቷቸው ነው። የጾም ምግብ በመሠረቱ እዚህ ከምንመክረው ምግብ ጋር አንድ ነው። ምስር፣ ክክ፣ ሽሮ፣ ጎመን፣ ፎሶሊያ፣ ቀይ ሥር፣ ሰላጣ፦ በያይነቱ ላይ ያለውን በሙሉ ይመልከቱ። ነገር ግን ቅቤው ሲወጣ ጣዕሙን ለማካካስ ዘይቱ በእጥፍ ይገባል። በዚያ ላይ ሳምቡሳው፣ ቦንቦሊኖው፣ የተጠበሰው ድንች፣ የለውዝ ቅቤ የተቀባው ዳቦና የጾም ኬኩ አለ። ሁሉም ጾም ናቸው፤ ቀላል ግን አይደሉም።

ሌላው ምክንያት ሰዓቱ ነው። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ጾሞ የቆየ ሰው መሶብ ሲከፈት በጥድፊያ ይበላል፤ የጥጋብ ስሜት ደግሞ እስኪደርስ ደቂቃዎች ይፈልጋል። ስለዚህ ጾሙን ሲፈቱ በአንድ ጎድጓዳ ሳህን የአትክልት ወይም የአጃ ሾርባ፣ ካልሆነም በጥቂት ንፍሮ ይጀምሩ፤ እንጀራው ከዚያ በኋላ ይቅረብ። ባርባራ ሮልስ ከባልደረባቸው ጋር በ2007 እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ባወጡት ጥናት ከምሳ በፊት ሾርባ የጠጡ ሰዎች፣ የሾርባው ካሎሪ ተደምሮም ቢሆን፣ በጠቅላላው 20 በመቶ ያህል ቀንሰው በልተዋል።

ለውዝ፣ ተልባ፣ አቮካዶና ማር ጤናማ አይደሉም እንዴ?

ጤናማ ምግብ ሁሉ ቀላል ምግብ አይደለም። ለውዝ በ100 ግራም ከ560 በላይ፣ ተልባ ከ530 በላይ ካሎሪ አላቸው፤ አቮካዶ 160 ገደማ ነው። ቅባታቸው ለልብ የሚስማማ ዓይነት ስለሆነ ከገበታ አይውጡ፤ ለውዝ በእፍኝ፣ ተልባ በማንኪያ፣ አቮካዶ በግማሽ ይመጠን። ማርን በተመለከተ አንድ የሾርባ ማንኪያ ወደ 60 ካሎሪ አለው፤ ስኳርን ትቶ ማር ማብዛት ክብደት አያስቀንስም።

ሎሚ በሙቅ ውኃ፣ ዝንጅብል ወይም አብሽ ስብ ያቀልጣሉ?

አያቀልጡም። በባዶ ሆድ የሚጠጣ ሎሚ በሙቅ ውኃ ጉዳት ላያመጣ ይችላል፤ ጥቅም ቢኖረው ስኳር የበዛበትን ሻይ ሲተካ ነው።

«ዝቅተኛ ቅባት» የሚል የታሸገ ብስኩት ልግዛ?

ቅባቱ ሲወጣ ብዙ ጊዜ ስኳር ወይም ስታርች ይገባበታል፤ ብስኩት ደግሞ ውኃ የሌለበት ደረቅ ነገር ነው፣ እንደ ቆሎው። በ2019 እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር፣ በአሜሪካ የብሔራዊ ጤና ተቋማት በተመራማሪው ኬቪን ሆል የተመራ ጥናት 20 ጎልማሶችን በተቋሙ ውስጥ አሳድሮ ለሁለት ሳምንት በፋብሪካ የተቀነባበሩ ምግቦች፣ ለሁለት ሳምንት ደግሞ ያልተቀነባበሩ ምግቦች እንደፈለጉ እንዲበሉ አቅርቦላቸው ነበር። በተቀነባበረው ሁለት ሳምንት በቀን ወደ 500 ካሎሪ ገደማ አብዝተው በሉ፤ ክብደትም ጨመሩ። በቡና ሰዓት የሆነ ነገር ካላፈሱ የማይሆንልዎ ከሆነ ስኳርና ዘይት ያልበዛበት ፈንዲሻ ይሻላል፤ አብዛኛው አየር ስለሆነ አንድ ሳህን ሞልቶም ቀላል ነው።

ከቤተሰብ ጋር ከአንድ ትሪ እየበላሁ የበላሁትን እንዴት አውቃለሁ? ጉርሻስ?

ከውጭ የመጡ ምክሮች ሁሉም ሰው የራሱ ሳህን እንዳለው ቆጥረው ስለሚጀምሩ ይህን ጥያቄ አይመልሱም። በእኛ ገበታ ወጡ ይጨመራል፣ እንጀራው ይታከላል፤ ማን ምን ያህል እንደበላ አይታወቅም። የሚሠራው መፍትሔ ቀላል ነው፦ የራስዎን ድርሻ ጥቅል እንጀራ ከመጀመሪያው ለይተው ፊትዎ ያስቀምጡ። እሱ ሲያልቅ ከወጡ ቢተርፍም እጅዎን ይታጠቡ። ጎመኑና ሰላጣው በእርስዎ በኩል እንዲቀርብም ለሚያቀርበው ሰው ይንገሩ።

እናት ስታጎርስ እምቢ አይባልም፤ አንድ ጉርሻ ደግሞ ማንንም አላወፈረም። «አንድ ጉርሻ ያጣላል» ብለው ለሚደግሙ ዘመዶች «እንግዲያውስ ከጎመኑ ያጉርሱኝ» ማለት ይቻላል፤ ማንም አይቀየምም። ግብዣ ቤት ባዶ ሆድ ይዘው አይሂዱ። በተራበ ሆድ ላይ «በሞቴ» የሚለው ቃል ሲጨመር መመለሻ የለውም።

ጠግቤ ብነሣም ከሁለት ሰዓት በኋላ ይርበኛል፤ ምን ጎደለኝ?

አብዛኛውን ጊዜ የጎደለው ፕሮቲን ነው። ሰላጣ ብቻ የበላ ሰው ሆዱ ይሞላል፤ ውኃው ካለፈ በኋላ ግን የሚያቆየው ነገር የለም። ፕሮቲንና አሰር ጥጋብን ያረዝማሉ። በእያንዳንዱ ምግብ ላይ ከእነዚህ አንዱ ይኑር፦ ምስር፣ ሽምብራ፣ ባቄላ፣ እንቁላል፣ አይብ፣ አሳ ወይም ቀይ ሥጋ። ለቁርስ ነጭ ዳቦ በሻይ ለሚበሉ ሰዎች ሁለት የተቀቀለ እንቁላል ከቲማቲም ጋር፣ ወይም አንድ ሳህን ንፍሮ ምን ያህል እስከ ምሳ እንደሚያደርስ ለአንድ ሳምንት ሞክረው ይዩት።

ጎመንና ጥራጥሬ ሳበዛ ሆዴ ይነፋል፤ ልተወው?

አይተዉት፤ በዝግታ ይጨምሩት። አንጀት ከአዲሱ የአሰር መጠን ጋር የሚላመደው በሳምንታት ነው። ጥራጥሬውን ከማታ ጀምሮ ዘፍዝፈው ውኃውን ይድፉ፣ በአዲስ ውኃ ቀቅለው በደንብ ያብስሉ። ውኃም አብዝተው ይጠጡ፤ አሰር ያለ ውኃ የሆድ ድርቀት ያመጣል። ሕመሙ ከባድ ከሆነ ወይም በሰገራ ላይ ደም ካዩ ግን ጉዳዩ የምግብ ስላልሆነ ወደ ሐኪም ይሂዱ።

መጀመሪያ ቀንሼ ነበር፤ አሁን ሚዛኑ አልንቀሳቀስ አለ። ለምን?

በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ከሚቀንሰው አንዱ ክፍል ውኃ ስለሆነ ፍጥነቱ ያታልላል። አንድ ኪሎ የሰውነት ስብ ወደ 7,700 ካሎሪ ገደማ ይይዛል፤ በቀን 500 ካሎሪ የቀነሰ ሰው በሳምንት ግማሽ ኪሎ ያህል ይቀንሳል ማለት ነው። በሳምንት ከግማሽ እስከ አንድ ኪሎ ጥሩ አካሄድ ነው። በተጨማሪም የቀለለ ሰውነት የሚያወጣው ጉልበት ያንሳል፤ በ90 ኪሎ የሠራው መጠን በ80 ኪሎ ላይሠራ ይችላል።

ወደ ሌላ ነገር ከመሄድዎ በፊት የዘይቱን ማንኪያ እንደገና ይፈትሹ፤ ከሁለት ወር በኋላ እጅ ወደ ጠርሙሱ ይመለሳል፣ በእኔም ደርሷል። ጨው የበዛበት ምግብ ውኃ ስለሚያስይዝ ሚዛኑን በማግስቱ ያሳድገዋል፤ ሴቶች ደግሞ በወር አበባ ሰሞን አንድ ሁለት ኪሎ መለዋወጥ ያያሉ። በየቀኑ የሚያዩት ቁጥር ስለዚህ አያስደንግጥዎ፤ በሳምንት አንድ ቀን፣ ጠዋት፣ ከቁርስ በፊት ይመዘኑና የአራት ሳምንቱን አካሄድ ያስተያዩ።

በራሱ ውሳኔ መጀመር የሌለበት ማን ነው?

ነፍሰ ጡሮች፣ የሚያጠቡ እናቶች፣ ልጆችና ከዚህ ቀደም በምግብ ራሳቸውን አስጨንቀው የታመሙ ሰዎች መጀመሪያ ሐኪም ያማክሩ። ኢንሱሊን ወይም እንደ ግሊቤንክላማይድ ያለ የስኳር መድኃኒት የሚወስድ ሰው መድኃኒቱ ሳይስተካከል ምግቡን ቢቀንስ ደሙ ውስጥ ያለው ስኳር በአደገኛ ሁኔታ ሊወርድ ይችላል። ምንም ሳያደርግ ክብደቱ እየወረደ ያለ ሰውም ደስ ከመሰኘቱ በፊት ይመርመር፤ ስኳር፣ የሳንባ ነቀርሳና የእንቅርት ዕጢ ሕመም እንዲህ ሊጀምሩ ይችላሉ።

ብዙ ሰው የማያውቃቸው ሁለት ጉዳዮችም አሉ። የኩላሊት ሕመም ላለበት ሰው ጎመን፣ ቲማቲም፣ ድንችና ጥራጥሬ በያዙት ፖታሲየም ምክንያት መጠናቸው በሐኪም ሊወሰን ይገባል። ዋርፋሪን የተባለውን የደም መርጊያ መከላከያ የሚወስድ ሰው ደግሞ ጎመንና ቆስጣ በድንገት ቢያበዛ በውስጣቸው ያለው ቫይታሚን ኬ የመድኃኒቱን ኃይል ይቀንሰዋል። ይህ ማለት ጎመን ክልክል ነው ማለት አይደለም፤ በየሳምንቱ የሚበሉት መጠን ተመሳሳይ ይሁን፣ ሊጨምሩ ሲያስቡም ለሚከታተልዎት ሐኪም አስቀድመው ይንገሩ፣ የደም ምርመራውም በዚያው ልክ ይታይ።